አቶ ይድነቃቸው ተሰማ

የኳስ ጨዋታ የእግር ሥራ ብቻ አለመሆኑን የአቶ ይድነቃቸው ተሰማ ሕይወት ያስረዳናል። የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ልጅ የሆኑት እኒህ ሰው መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በጅማ ተወለዱ። ለቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድንም 23 ዓመት ተጫወቱ። በ1949 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ በካርቱም ሲጀመር፥ ደቡብ አፍሪካ ነጩንና ጥቁሩን ለይቼ አሰልፋለሁ ብትል እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው እንቢ አሉ፤ ውድድሩም ያለ እርሷ በሦስት አገሮች መካከል ተደረገ። በ1954 ዓ.ም. እርሳቸው ያሠለጠኑት ቡድናችን ግብጽን 4 ለ 2 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. እስካረፉበት ዕለት ድረስ የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በፕሬዚዳንትነት መሩ። እኛም የገሳይ ተማሪዎች በሜዳችን ቡድን ስንከፍል፥ ጓደኛችንን በዘሩ ወይም በድኽነቱ እንዳንለይ ከእርሳቸው እንማር።