የመሐመድ አሚን ካሜራ፦ ከዳሬሰላም እስከ ኮረም

ከአሰላ ከተማ ወጥቶ ወደ ጭላሎ ተራራ ግርጌ ካሜራውን አንግቶ የሚጓዝ የፎቶግራፍ ተማሪ የሚያነሣው ነገር አያጣም። የገብሱ ማሳ፣ በጉም ውስጥ የሚያልፈው ፈረሰኛ፣ ከብቱን ወደ መስክ የሚያሰማራው እረኛ፣ በበቆጂ መንገድ ላይ በማለዳ የሚሮጠው ወጣት፣ ሁሉም በዓይኑ ፊት ናቸው። የሚቸግረው አነሣሡ ነው። አንድ ሰሞን እንደ ስቱዲዮ ባለሙያ ሰውን ከመጋረጃ ፊት ቀጥ አድርጎ ያቆማል፤ ሌላ ሰሞን የቀን መቁጠሪያ ሥዕል እየመሰለው ተራራና ደመና ያሳድዳል፤ ቆይቶም እንደ ጋዜጠኛ በገበያ መካከል ይሯሯጣል። በመጨረሻ የራሱ መንገድ የትኛው እንደሆነ ግራ ይገባዋል።

ለእንዲህ ያለው ተማሪ የመሐመድ አሚን ሕይወት ጥሩ ትምህርት ቤት ነው። መሐመድ አሚን የአርሲ ተወላጅ ወይም ኢትዮጵያዊ አይደለም፤ ነገር ግን በአገራችን ምድር ያነሣው ሥዕል ዓለም ስለ ኢትዮጵያ ያለውን አስተሳሰብ ለብዙ ዘመን የወሰነ በመሆኑ፣ ታሪኩ የእኛም የሙያ ታሪክ ክፍል ሆኗል።

መሐመድ አሚን ነሐሴ 23 ቀን 1935 ዓ.ም. በናይሮቢ ከተማ ተወለደ። ገና በልጅነቱ ቤተሰቡ ወደ ዳሬሰላም ስለተዛወረ ያደገውና የተማረው በዚያ ነው። የመጀመሪያ ካሜራው ያገለገለ ቦክስ ብራውኒ ነበር። ይህ ሣጥን መሰል ካሜራ ርቀት የማስተካከልም ሆነ የመዝጊያውን ፍጥነት እንደ ልብ የመለዋወጥ ምቾት አይሰጥም። ስለዚህ ባለቤቱ ሊያዝዝ የሚችለው ሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ ብርሃኑን መምረጥና የሚቆምበትን ቦታ ማወቅ። ልጁ በትምህርት ቤቱ የፎቶግራፍ ማኅበር ገብቶ ፊልም ማጠብንና ማተምን ሲማር፣ እነዚህን ሁለት ነገሮች አስቀድሞ በችግር ተምሯቸው ነበር።

ከዚያ በኋላ የተከተለው የምሥራቅ አፍሪካን የሳፋሪ የመኪና ውድድር ነው። በአቧራ ተጋርዶ የሚበር መኪና ቁም ቢሉት አይቆምም። ፎቶግራፍ አንሺው መታጠፊያውን አስቀድሞ መርጦ፣ ብርሃኑን አስልቶ፣ ካሜራውን ከመኪናው ጋር እያዞረ መጠበቅ አለበት። ተማሪው አሚን ሥዕሎቹን ለጋዜጦች መሸጥ ሲጀምር፣ የዜና ፎቶግራፍ ዋና ምሥጢር ነገሩ ከመድረሱ በፊት በቦታው መገኘት መሆኑን ተረዳ። በሃያ ዓመቱ ገደማ ካሜራፒክስ የተባለውን ድርጅት በዳሬሰላም አቋቋመ።

የዛንዚባር አብዮት በ1956 ዓ.ም. ሲፈነዳ ወደ ደሴቲቱ ከተሻገሩት አንዱ እርሱ ነበር። ከዚያ ወዲህ የፎቶ ካሜራውንና የፊልም ካሜራውን ባንድነት ተሸክሞ መሥራትን ልማድ አደረገው። ሁለቱ መሣሪያዎች የተለያየ ጠባይ አላቸው፤ የመጀመሪያው አንዲትን ቅጽበት ለይቶ ይይዛል፣ ሁለተኛው ጊዜው እንዴት እንደሚያልፍ ይናገራል። አሚን በአንድ ቦታ ቆሞ ሁለቱንም ማሰብ ነበረበት። ሥራው መከራም አመጣበት፤ በ1958 ዓ.ም. በዛንዚባር ለሳምንታት ታሠረ፤ ከዚያም ኑሮውን ወደ ናይሮቢ አዛወረ። በ1961 ዓ.ም. የኬንያው ሚኒስትር ቶም ምቦያ በጥይት ሲመታ በሥፍራው ደርሶ ያነሣው ሥዕልና ፊልም ዝናውን ከአፍሪካ ውጭ አደረሰው።

አሚን ግን በጥድፊያ ብቻ አልኖረም። ስለ መካ የሐጅ ጉዞ በ1970 ዓ.ም. ባወጣው መጽሐፍ ሌላ ዓይነት ፎቶግራፍ አንሺ ሆኖ ይታያል። በዚያ ሥራ የብዙ ሺሕ ሰው ሥርዓትና ጸጥታ፣ የነጭ ልብስ ባሕርና የቀለም ምጣኔ ዋና ነገሮች ናቸው። በቱርካና ሐይቅ አካባቢ ባደረገው ጉዞም የበረሃውን ብርሃን በትዕግሥት መጠበቅን ተለማመደ። እንግዲህ ከውድድሩ ፍጥነትን፣ ከዜናው ቅርበትን፣ ከሐጁና ከበረሃው ዝግታን ወሰደ ማለት ነው።

እነዚህ ሁሉ በአንድ ላይ የተፈተኑት በኮረም ነው። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. አሚን ለቪስኒውስ የዜና ድርጅት፣ ማይክል በርክ ደግሞ ለቢቢሲ እየሠሩ በያኔው የወሎ ክፍለ ሀገር ወደምትገኘው ኮረም ደረሱ። ማለዳ ነበር። በከተማዋ ዳር ባለው ሜዳ በብርድና በጉም መካከል በብዙ ሺሕ የሚቆጠር ሕዝብ ተኮራምቶ ተቀምጧል፤ ሌሊቱን ያለፉትም በጨርቅ ተገንዘው ተኝተዋል። ለዜና ፈጥኖ መሥራት የለመደው ሰው በዚያ ዕለት ካሜራውን በዝግታ አንቀሳቀሰ። ሌንሱ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ሲያልፍ ተመልካቹ ዓይኑን የሚያሸሽበት ቦታ አያገኝም። ፊልሙ ጥቅምት 13 ቀን በቢቢሲ ታየ፤ ቀጥሎም ከ400 በላይ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች አሠራጩት። በሐምሌ ወር የተካሄደውን ላይቭ ኤይድ የተባለውን ታላቅ የሙዚቃ ዝግጅት ጨምሮ ከፍ ያለ የርዳታ እንቅስቃሴ ከዚያ ተወለደ። የብዙ ሰው ሕይወት መትረፉ አይካድም።

ይሁን እንጂ ሥዕሉ ዋጋም አስከፍሏል። የተነሡት ሰዎች ስማቸው ሳይነገር በዓለም ፊት ታዩ፤ ከድርቁ ጋር ረኀቡን ያባባሰው ጦርነትና የመንግሥት ፖሊሲ ግን በሥዕሉ ውስጥ እምብዛም አይታይም። አርሲን እንኳ ብንወስድ፣ በ1960ዎቹ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት የሠራበት፣ በስንዴና በገብስ ምርቱ የታወቀ ደጋ ነው። የአሰላ ሰውም ቢሆን ውጭ አገር ሲወጣ የሚጠየቀው ስለ ኮረም ሆነ። አንድ እውነተኛ ሥዕል የአገርን ሌላ እውነት ሁሉ ሊሸፍን እንደሚችል ከዚህ እንማራለን። ጥፋቱን በካሜራው ባለቤት ላይ ብቻ መጣል ፍርደ ገምድልነት ነው፤ የተቀረውን አገር ለማሳየት ሌሎቻችንም ነበርን።

አሚን ራሱ ወደ ኢትዮጵያ መመላለሱን አልተወም። ግንቦት 27 ቀን 1983 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የጥይት ግምጃ ቤት ሲፈነዳ የግራ ክንዱን አጣ፤ የድምፅ ባለሙያው ጆን ማታይም ሞተ። ሰው ሠራሽ ክንድ አስገጥሞ በወራት ውስጥ ወደ ሥራው ተመለሰ። ድርጅቱ ካሜራፒክስ የኢትዮጵያን መልክዓ ምድርና ቅርስ የሚያሳይ የጉዞ መጽሐፍ አወጣ፤ ሰላምታ የተባለውን የአየር መንገዳችንን መጽሔትም ያዘጋጅ ነበር። የኮረምን ሞት ያሳየ ሰው የአገሪቱን ውበትም ለማሳየት ደከመ።

ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን በጠላፊዎች እጅ ወድቆ፣ ነዳጁ አልቆ በኮሞሮስ ደሴቶች አጠገብ ባሕር ላይ ወደቀ። ከሞቱት 125 ሰዎች መካከል መሐመድ አሚንና የሥራ ባልደረባው ብራያን ቴትሊ ይገኛሉ። አሚን 53 ዓመቱ ነበር።

የአሰላው ተማሪ እንግዲህ የስቱዲዮውንም፣ የተራራውንም፣ የገበያውንም አነሣሥ መሞከሩ አያሳፍረውም፤ አሚንም ሁሉንም ሞክሯል። አንዱ ሙከራ ለሌላው ስንቅ ይሆናል፤ የትኛው መቼ እንደሚያስፈልግም የሚወስነው በፊቱ የቆመው ሰው ነው። ከአሚን ሥራ የጎደለውን ለመሙላት ግን እርሱ ያልነበረው ዕድል አለው፤ የአገሩን ቋንቋ ያውቃል። ያነሣውን ገበሬ ስሙን ሊጠይቀው፣ ፎቶግራፉን አትሞ ሊወስድለት፣ በመኸርም በበልግም ተመልሶ ሊያየው ይችላል።