ቅዱስ አውግስጢኖስና አፍ የሚፈቱ ሕፃናት

በቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ዘንድ ከፍ ያለ ስፍራ ያለው ቅዱስ አውግስጢኖስ በ354 ዓ.ም. (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) ዛሬ አልጄርያ በምትባለው አገር፥ በታጋስቴ ከተማ ተወለደ። አባቱ ፓትሪክዮስ እስከ ዕድሜው ማምሻ ያልተጠመቀ ሰው ሲሆን፥ እናቱ ቅድስት ሞኒካ ግን በእምነቷ የጸናች ክርስቲያን ነበረች። የወጣትነቱን መባዘንና የእናቱን እንባ ብዙዎቻችን ሰምተናል። ሕፃን ልጅ እንዴት አፉን እንደሚፈታ አጥብቆ የጠየቀ ሊቅ መሆኑን ግን የሚያውቁ ጥቂቶች ናቸው።

በ397 ዓ.ም. ገደማ፥ በጵጵስናው ዘመን መጻፍ በጀመረው «ኑዛዜ» በተባለው መጽሐፉ የሕይወቱን ታሪክ የሚያነሣው ከእናቱ ዕቅፍ ጀምሮ ነው። የሕፃንነቱን ጊዜ ራሱ ስለማያስታውስ፥ ካሳደጉት ሰዎች የሰማውንና በሌሎች ሕፃናት ያየውን መሠረት አደረገ። እንደ አስተያየቱ፥ ሕፃን አስቀድሞ በልቅሶና በእጅ በእግሩ እንቅስቃሴ ፍላጎቱን ለመግለጽ ይታገላል፤ ሳይረዱለት ሲቀሩም ይቆጣል። ቀጥሎ ታላላቆቹ አንድን ነገር በስሙ እየጠሩ ወደዚያው ሲያመለክቱ ያያል፤ የሰማው ድምፅ የዚያ ነገር ስም መሆኑንም ልብ ይላል። የፊታቸው ሁኔታ፥ የዓይናቸው አመለካከትና የድምፃቸው ቃና የሚሹትንና የሚሸሹትን ይነግሩታል፤ ይህም ሕዝቦች ሁሉ የሚጋሩት የተፈጥሮ ቋንቋ ነው። ቃላቱን በየዓረፍተ ነገሩ ደጋግሞ ሲሰማ ትርጉማቸውን ይረዳል፤ አንደበቱንም አለማምዶ ፈቃዱን ይናገራል። አውግስጢኖስ መናገርን የተማረው በተሰናዳ ትምህርት ሳይሆን እግዚአብሔር በሰጠው አእምሮ መሆኑን መስክሯል።

ይህ አስተያየት እስከ ዘመናችን ድረስ ሊቃውንትን አነጋግሯል። በኦስትርያ የተወለደው ፈላስፋ ሉድቪግ ቪትገንሽታይን፥ ከሞተ በኋላ በ1953 ዓ.ም. የታተመውን መጽሐፉን የጀመረው ይህንኑ የአውግስጢኖስን ሐሳብ በማንሣት ነበር፤ ቋንቋ ነገሮችን ከመሰየም የሰፋ ተግባር እንዳለው በማሳየትም ተችቶታል። አሜሪካዊው ስኪነር በ1957 ዓ.ም. ንግግር በልማድና በማበረታቻ የሚመጣ ነው ሲል፥ ኖም ቾምስኪ በ1959 ዓ.ም. ተቃወመው፤ ልጅ ከዚያ በፊት ያልሰማውን ዓረፍተ ነገር መናገር ስለሚችል፥ ከተፈጥሮው ያገኘው ችሎታ አለው ብሎ ተከራከረ። ከእነርሱ በኋላ የተነሡ አጥኚዎች ደግሞ ልጅ የተናጋሪውን ዓይንና እጅ ተከትሎ አሳቡን እንደሚረዳ በማሳየት ወደ አውግስጢኖስ ምልከታ ቀርበዋል። ክርክሩ ዛሬም አልተቋጨም።

አውግስጢኖስ ግን ሌላም ቁም ነገር አስተውሏል፤ ይህን የተረዳው በትምህርት ቤት በደረሰበት መከራ ነው። በመምህሩ ዱላ እየተመታ፥ ከመገረፍ እንዲያድነው እግዚአብሔርን ይለምን ነበር፤ ታላላቆቹ ግን፥ ወላጆቹም ሳይቀሩ፥ በሥቃዩ ይስቁበት ነበር። አፉን የፈታበትን ላቲንን በሞግዚቶቹ ቍልምጫ፥ በጨዋታና በሳቅ መካከል ያለ ፍርሃት ተማረ። ግሪክኛን ግን በዛቻና በቅጣት ስላስተማሩት ጣፋጩ የሆሜር ግጥም እንኳ መረረው። ሥርዓት አያስፈልግም አላለም፤ ነገር ግን ለመማር ከሚያስፈራራ ግዴታ ይልቅ ነጻ የማወቅ ፍላጎት እንደሚበልጥ ከራሱ ሕይወት አረጋገጠ።

ካደገ በኋላ በካርታጎ፥ በሮምና በሚላኖ የንግግር ጥበብ መምህር ሆነ። ከአንዲት ሴት ጋር ያለ ጋብቻ ሲኖርም አዴኦዳቱስ የሚባል ልጅ ወለደ። የቅዱስ አምብሮስዮስን ስብከት ሰምቶ ልቡ ከተመለሰ በኋላ፥ በ387 ዓ.ም. በትንሣኤ ሌሊት ከልጁ ጋር በአንድነት ተጠመቀ። ቅድስት ሞኒካ በዚያው ዓመት በኦስቲያ ዐረፈች። ወደ አፍሪካ ተመልሶ በ389 ዓ.ም. ገደማ «ስለ መምህር» የተባለውን መጽሐፍ ጻፈ። መጽሐፉ ከልጁ ጋር ያደረገው ውይይት ነው፤ በልጁ ስም የተጻፈው አሳብ ሁሉ የ16 ዓመቱ የአዴኦዳቱስ የራሱ እንደሆነም አባቱ መስክሮለታል። ቃል ያሳስባል እንጂ በራሱ አያስተምርም፤ በውስጥ ሆኖ እውነትን የሚያሳይ መምህር ክርስቶስ ነው ሲል ደመደመ። ልጁ ብዙ ሳይቆይ በለጋ ዕድሜው ሞተ። አባት ከልጁ ጋር የተነጋገረው በዚያ መጽሐፍ ተጠብቆ ቀረ።

አውግስጢኖስ የሂፖ ጳጳስ ከሆነ በኋላ፥ በ400 ዓ.ም. ገደማ ዴኦግራሲያስ የሚባል የካርታጎ ዲያቆን ለጀማሪዎች ትምህርተ ክርስቶስ ሲሰጥ ንግግሩ ለራሱም እንደሚሰለቸው ገልጾ ምክር ጠየቀው። ቅዱሱም መጽሐፍ ጽፎ መለሰለት። ወላጅ ለሕፃኑ እየተኰላተፈ ማውራት ደስ እንደሚለው፥ እናትም ምግቡን አላምጣ እንደምታጐርሰው፥ መምህርም እንዲሁ በፍቅር ዝቅ ይበል ሲል መከረው፤ የዚህም ምሳሌው ስለ እኛ ራሱን ያዋረደው ክርስቶስ ነው። መምህር ተማሪዎቹን ከወደደ፥ ሺህ ጊዜ የተናገረው ነገር ከእነርሱ ጋር እንደ አዲስ ይታየዋል።

ቅዱስ አውግስጢኖስ ቫንዳሎች ሂፖን ከበው ሳሉ በ430 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ዐረፈ። እኛም ዛሬ ልጆቻችንን በቤትና በቁምስና በስመ አብንና አቡነ ዘበሰማያትን ስናስተምር ይህን አባት እናስብ። ሕፃን አፉን የሚፈታው በሚወዱት ሰዎች መካከል ነው፤ የጸሎት ቋንቋም ከዚህ የተለየ መንገድ የለውም። ዱላና ቍጣ ጸሎቱን በቃል ሊያስይዙት ይችሉ ይሆናል፤ እንዲወደው ግን አያደርጉትም።