የሚፈላውን ሞተር ያበረደው ወላጅ አልባ፡ ቪልሄልም ማይባህ

በደረቁ ወራት የጁባ ሙቀት ወደ 40 ዲግሪ ሴልሺየስ ይጠጋል። በአትላባራ ሰፈር የመኪናውን ጉልበት ለማሳደግ የሚነሣ የመኪና ወዳጅ ከሁሉ አስቀድሞ ሊያስብበት የሚገባው ራዲያተሩን ነው፤ ሞተር ጉልበት በጨመረ ቁጥር የሚተፋው ሙቀትም ይጨምራልና። ኮፈኑን ከፍቶ ከፊት የተገተረውን ጥልፍልፍ ብረትና ከኋላው የሚሽከረከረውን ማራገቢያ ሲመለከት ግን፣ ከ120 ዓመታት በፊት አንድ ጀርመናዊ የደረሰበትን መላ እያየ መሆኑን ላያውቅ ይችላል።

ቪልሄልም ማይባህ እአአ የካቲት 9 ቀን 1846 በደቡብ ጀርመን በምትገኘው ሃይልብሮን ከተማ ተወለደ። አባቱ አናጢ ነበር። እናቱ የሞተችው ገና ስምንት ዓመቱ ሳለ ነው፤ አሥር ሲሞላው አባቱም ተከተላት። አምስቱ ወንድማማቾች ያለ ጧሪ በመቅረታቸው የቤተሰቡ ወዳጆች በጋዜጣ የርዳታ ጥሪ አወጡ። ቪልሄልምን የተቀበለው በሮይትሊንገን ከተማ ጉስታቭ ቨርነር የተባለ የሃይማኖት ሰው ያቋቋመው የበጎ አድራጎት ተቋም ነበር። ተቋሙ የራሱ የማሽን ፋብሪካ ስለነበረው ልጁ ንድፍ መሳልን ተማረ፤ እጁም ቶሎ ተገራ።

በ19 ዓመቱ ዕጣ ፈንታውን የለወጠው ሰው ዓይን ውስጥ ገባ። ይህ ሰው የፋብሪካው ኃላፊ ሆኖ የመጣው ጎትሊብ ዳይምለር ነበር። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ዳይምለር ወደ ካርልስሩህም ሆነ ወደ ኮሎኝ ሲዛወር ማይባህ ከኋላው አልተለየም። እአአ በ1882 ሁለቱ በካንሽታት ከተማ በዳይምለር ቤት ግቢ ባለች የአትክልት ቤት ውስጥ የራሳቸውን ሥራ ጀመሩ። በሩ ዘወትር ተዘግቶ፣ ከውስጥ የብረት ድምፅ ብቻ ይሰማ ስለነበር ሐሰተኛ ገንዘብ የሚሠሩ መስሎ ፖሊስ እስከ መፈተሽ እንደደረሰ ይነገራል። የተገኘው ግን ሞተር ነበር። ያ ፈጣን የቤንዚን ሞተር በ1885 ባለሁለት ጎማ፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ባለአራት ጎማ ሠረገላ አንቀሳቀሰ።

አንድ ችግር ግን ከእነርሱ አልተለየም። ቤንዚን ሲቃጠል ከሚወጣው ኃይል ወደ ጎማ የሚደርሰው ጥቂቱ ብቻ ነው፤ አብዛኛው ሙቀት ሆኖ ብረቱን ያግላል። በዘመኑ በነበሩ አንዳንድ መኪኖች ውሃው እየፈላ በእንፋሎት ይተን ስለነበር ነጂው በየመንገዱ ውሃ ሲለምን ይውላል። ማይባህ በ1889 በሠራው መኪና ውሃውን በመኪናው አካል ቧንቧዎች ውስጥ አዘዋወረው። ብልሃቱ የሚያስደንቅ ቢሆንም ለጠንካራ ሞተር የሚበቃ አልነበረም። በ1897 ነፋስ በብዙ ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ፣ ውሃ ደግሞ በዙሪያቸው የሚያልፍበትን ራዲያተር አመጣ።

ሥራውን ወደ ፍጻሜ የገፋው የአንድ ሀብታም የፍጥነት ፍቅር ነው። ኤሚል የሊኔክ ኑሮውን በፈረንሳይዋ ኒስ ያደረገ ነጋዴ ሲሆን፣ በሴት ልጁ ስም ‘መርሴዲስ’ እየተባለ በውድድር ይካፈል ነበር። ያዘዛቸው መኪኖች አንዴም በቂ ሆነውለት አያውቁም። እአአ በመጋቢት 1900 መጨረሻ በኒስ አቅራቢያ በተካሄደ የአቀበት ውድድር የፋብሪካው ነጂ ቪልሄልም ባወር ከአለት ጋር ተጋጭቶ ሞተ። መኪናው ቁመቱ የረዘመ፣ ፊቱ የከበደ ነበር። ዳይምለር ራሱም በዚያው ወር መጀመሪያ አርፎ ነበርና፣ ኩባንያው ከውድድር መውጣትን ማሰቡ አይፈረድበትም። የሊኔክ ግን አልተመለሰም፤ ይልቁንም ዝቅ ያለ፣ ረዘም ያለና ብርቱ የሆነ አዲስ መኪና እንዲሠራለት ጠየቀ። 36 መኪኖችም በ550 ሺህ ማርክ አዘዘ። ማይባህም የ35 ፈረስ ጉልበት መኪና ለመንደፍ ተቀመጠ።

በዚህ መኪና ራዲያተር ላይ ስድስት በስድስት ሚሊ ሜትር የሆኑ 8,070 ባለአራት ማዕዘን ቱቦዎች ተደረደሩ፤ ከሩቅ ሲያዩት የማር እንጀራ ይመስላል። ነፋሱ ብረቱን የሚነካበት ስፋት በእጅጉ ስለጨመረ፣ ቀድሞ 18 ሊትር ውሃ ይፈልግ የነበረው ሞተር በዘጠኝ ሊትር ብቻ ይበርድ ጀመር። የውሃው ግማሽ መቅረቱ ደግሞ የመኪናውን ክብደት ቀነሰ። ከኋላ የገባው ማራገቢያ መኪናው በዝግታ አቀበት ሲወጣና የፊት ነፋስ ሲያጣ አየር ይስብለታል። ዛሬ የሞቃት አገር ነጂ ሁሉ ውለታውን የሚቆጥረው ለዚህች ክፍል ሳይሆን አይቀርም። የመጀመሪያው መኪና በታኅሣሥ 1900 ለየሊኔክ ደረሰ፤ በተከታዩ መጋቢት በኒስ ውድድሮች ላይ የ‘መርሴዲስ’ መኪኖች ተቀናቃኞቻቸውን ሁሉ አስከነዱ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ሳይቆይ፣ በ1900 ዓ.ም. አንድ እንግሊዛዊ ለዳግማዊ ምኒልክ መኪና ይዞ አዲስ አበባ ገባ። በጀርመን ግን የማይባህ ወንበር መናወጥ ጀምሮ ነበር። ወዳጁና ጠበቃው ዳይምለር በሌለበት ከኩባንያው አመራር ጋር መስማማት አልቻለም፤ ከዋናው የንድፍ ሥራም ገሸሽ ተደረገ። በ1907፣ በ61 ዓመቱ፣ ስሙን ባስጠራበት ቤት ቦታ አጥቶ ወጣ።

የቀረውን ጉልበቱን ከልጁ ከካርል ጋር በመሆን ለዜፔሊን የአየር መርከቦች ሞተር ለመሥራት አዋለው። የመደበኛ ዩኒቨርሲቲ ትምህርት ያልነበረው ይህ ሰው በ1916 ከሽቱትጋርት የቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት የክብር ዶክትሬት ተቀበለ። እአአ ታኅሣሥ 29 ቀን 1929 በ83 ዓመቱ ዐረፈ። የተቀበረውም በካንሽታት፣ ጎትሊብ ዳይምለር ባረፈበት መካነ መቃብር ነው።