አናሲሞስ ነሲብና የ23 ዓመት መሰናዶ

በጎባና በሮቤ ገበያ፣ በባሌም ደጋ ሁሉ ኦሮምኛ ሲነገር እየሰማን ያደግን ተማሪዎች፣ መላውን መጽሐፍ ቅዱስ መጀመሪያ ወደዚህ ቋንቋ የመለሱትን ሰው ታሪክ ልናውቅ ይገባናል። (ዘመኑ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ነው።)

ይህ ሰው በ1856 ገደማ በኢሉባቦር፣ በሁሩሙ አቅራቢያ ተወለደ። ወላጆቹ ሂካ ብለው ሰየሙት፤ ትርጓሜውም የሚፈታ፣ የሚተረጉም ማለት ነው። ልጁ ወደ ፊት ምን እንደሚሠራ ግን ከቶ አላወቁም። በልጅነቱ የባሪያ ነጋዴዎች ሰረቁት፤ ነሲብ የሚለውንም ስም እነርሱ አወጡለት። ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠ ምጽዋ ደረሰ። በዚያም በ1870 ቨርነር ሙንዚንገር የተባለ የስዊስ ሰው ነፃ አወጣው፤ የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮንም ተቀብሎ አስተማረው። በ1872 በፋሲካ ዕለት ሲጠመቅ አናሲሞስ ተባለ። ይህም ሐዋርያው ጳውሎስ ለፊልሞና በጻፈው መልእክት የምናገኘው የባሪያው ስም ነው።

አናሲሞስ ወደ ስዊድን ተልከው አምስት ዓመት ከተማሩ በኋላ በ1881 ተመለሱ። አሳባቸው በቶሎ ወደ ወገኖቻቸው ሄዶ ማስተማር ነበረ። በሱዳን በኩል ሞከሩ፤ መንገዱ ተዘጋባቸው። ሁለተኛ ጊዜ በታጁራ በኩል እስከ እንጦጦ ደረሱ፤ ነገር ግን እንዲመለሱ ታዘዙ። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ተስፋ በቆረጠ ነበር። እርሳቸው ግን በምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ ተቀምጠው የሚሄዱበትን ቀን በሥራ ጠበቁት።

ሥራውም ቀላል አልነበረም። በልጅነቱ ከእናቱ ቤት የተወሰደ ሰው የእናቱን ቋንቋ ምን ያህል ሊያውቅ ይችላል? ይህን ጉድለት የሞሉላቸው አስቴር ጋኖ ናቸው። አስቴር በ1886 ወደ ዐረብ አገር ለሽያጭ ሲወሰዱ የኢጣልያ መርከቦች ያስጣሏቸው ኦሮሞ ነበሩ፤ ቋንቋውን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ወደ 15,000 የሚሆኑ ቃላት ሰበሰቡ፤ ተረቱን፣ ምሳሌውንና ዘፈኑንም ጻፉ። ስማቸው ብዙ ጊዜ ከበታች ይነሣል፤ ይህ ግን ትክክል አይመስለኝም። ያለ እነዚያ ቃላት መጽሐፉ የገበሬውን ቤት አንደበት ባልያዘም ነበር። የባሌው ኦሮምኛ ከምዕራቡ በአንዳንድ ቃል ቢለይም ቋንቋው አንድ ነው።

በ1887 የመዝሙር መጽሐፍ፣ በ1893 አዲስ ኪዳን በእምኩሉ ታተመ። በ1899 መላው መጽሐፍ ቅዱስ፣ በግዕዝ ፊደል ተጽፎ፣ በስዊስ አገር በቅድስት ክሪስቾና ታተመ።

የተዘጋው መንገድ የተከፈተው በ1904 ነው። አናሲሞስ ነቀምቴ ሲገቡ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር በክብር ተቀበሏቸው። ከስዊድን ከተመለሱ 23 ዓመት ሆኗቸው ነበር። ነገር ግን ባዶ እጃቸውን አልገቡም፤ የሚያስተምሩበት መጽሐፍ ሁሉ ተዘጋጅቶ ነበርና ትምህርት ቤት ወዲያው ከፈቱ።

ፈተናው ግን አላበቃም። በ1906 በአቡነ ማቴዎስ ፊት ተከሰሱ። ዐፄ ምኒልክ በነቀምቴ እንዲቀመጡ ቢፈቅዱላቸውም እንዳይሰብኩ ከለከሏቸው፤ ፈቃድ ያገኙት በ1916 በልጅ ኢያሱ ዘመን ነው። ከዚያ በኋላ በነቀምቴ እያስተማሩና እየሰበኩ ኖረው፣ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 14 ቀን 1923 በዕለተ እሑድ ዐረፉ።