ግምጃ ቤቱ ሲከፈት
የእቴጌ ምንትዋብ ሕይወት ለጾመ ነቢያት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምዕመናን! ነቢያት የጌታችንን መወለድ ተስፋ አድርገው የጾሙትን ጾም እኛም ከኅዳር 15 ጀምረን ልደቱን እየጠበቅን እንጾመዋለን። ግን እስቲ ራሳችንን እንጠይቅ፤ የምንጠብቀው ማንን ነው? ታኅሣሥ ሲጋመስ በየቤታችን የሚወራው የበጉና የዶሮው ዋጋ፣ የቅርጫው መዋጮ፣ የልጆቹ ልብስ ነው። አራዳ ገበያ ብንወርድ ሩጫው ሁሉ ለሆድና ለዓይን ነው። ጎረቤት ያረደውን አይቶ ተበድሮ የሚያርድም አለ። በገበያው ግርግር መካከል በግርግም የተኛው ሕፃን ይረሳል።

ስለዚህ ሩቅ ሳንሄድ፣ በዚሁ በጎንደር ክብርንም ሀዘንንም አይተው ያለፉትን የእቴጌ ምንትዋብን ሕይወት እናስታውሳችሁ። ከቅዱሳን ቆጥረናቸው አይደለም። እንደ እኛው በዓለም የኖሩ፣ ከብዙዎቻችን ይልቅ ግን ዓለምን የጠገቡ ሰው ስለ ነበሩ ነው።

እቴጌ ምንትዋብ ትውልዳቸው ቋራ፣ የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ ነው። ዐፄ በካፋ በቋራ ሲያልፉ ታመው፣ በእቴጌይቱ ወላጆች ቤት ተኝተው እንደ ዳኑና በኋላም እንዳገቧቸው ይተረካል። በ1723 ዓ.ም. ዐፄ በካፋ ሲያርፉ ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ ገና ሕፃን ነበሩ። እናታቸውም ብርሃን ሞገሳ ተብለው ዘውድ ጭነው ከልጃቸው ጋር አገር መምራት ጀመሩ። ያን ጊዜ ጎንደር ነጋዴ የሚገናኝባት ከተማ ነበረች፤ ወርቁና ዝባዱ ይወጣል፣ ሐሩና ምንጣፉ ይገባል። እቴጌይቱ በፋሲል ግቢ ውስጥ ሕንፃ አሠሩ። ልጃቸውም ሲያድጉ አደን መውጣትንና ቤተ መንግሥት ማስጌጥን የሚወዱ ንጉሥ ሆኑ። በ1736 ዓ.ም. ወደ ስናር ዘምተው ድል ሆኑ፤ ነገሥታቱ ወደ ዘመቻ ይዘውት የሚወጡት የጌታችን ሥዕል፣ ኵርዓተ ርእሱ፣ ሳይቀር ተማረከ። በኋላ በወርቅ ተዋጅቶ ተመለሰ።

በ1747 ዓ.ም. ዐፄ ኢያሱ አረፉ። ግምጃ ቤቱ ሲከፈት የተገኘው ጥቂት ዲናር ብቻ ነበር ይባላል። አስቡት! ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል የነገሠ ንጉሥ፣ ያ ሁሉ ግብር የገባለት፣ ያ ሁሉ ጌጥ የተሰቀለለት! እናትየዋ ልጃቸውንም ሀብቱንም በአንድ ቀን አጡ። አዝነው ከተማውን ትተው ባሠሩት በደብረ ፀሐይ ቁስቋም ሊቀመጡ ወጡ።

እዚያው ቢቀሩ ኖሮ ምን ይሆን ነበር? እግዚአብሔር ያውቃል። መኳንንቱ ግን ተከትለው ለመኗቸው። የልጅ ልጃቸው ኢዮአስ ገና ሕፃን ናቸውና የእናት አንጀት አልጨከነም፤ ወደ ቤተ መንግሥቱ ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ግን ሰላም አልሆነም። የእቴጌይቱ የቋራ ዘመዶችና የኢዮአስ እናት ወገኖች በሹመትና በግዛት ተጣሉ። ጠቡን እንዲያበርዱ ከትግራይ የተጠሩት ራስ ሚካኤል ስሑል ኃይሉን ሁሉ ያዙ፤ በ1761 ዓ.ም. ዐፄ ኢዮአስ ተገደሉ። አያትየዋም በቤተ መንግሥት መኖር በቃኝ ብለው ቁስቋም ገቡ። በ1765 ዓ.ም. አረፉ።

ወገኖቼ፣ ቁስቋም የሚለውን ስም ልብ በሉት። እመቤታችን ከሄሮድስ ሸሽታ፣ ልጇን ታቅፋ በግብፅ ያረፈችበት ተራራ ስም ነው (ማቴ. 2፥13-15)። ኅዳር 6 በዓሉን አክብረን ዘጠኝ ቀን ሳንቆይ የነቢያትን ጾም እንይዛለን። ባለ ዘውዷ እቴጌ ለቤተ ክርስቲያናቸው ቤት አጥታ የተሰደደችውን የእናት ስም ሰጡ። በጣና፣ በደቅ ደሴት ባሠሩት ናርጋ ሥላሴ ደግሞ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ፣ እሳቸው ከእግሯ ሥር በግንባራቸው ተደፍተው ተሥለዋል። ዛሬም ይታያል። ባለ ብዙ አሽከር የነበሩት ሰው እንዲታወሱ የፈለጉት ተደፍተው ነው።

ታዲያ የሠሩት ሕንፃ ተረፈ? እሱም አልተረፈም። በ1880 ዓ.ም. ድርቡሽ ጎንደርን ሲያቃጥል ቁስቋምም ተቃጠለች። ዛሬ ወደ ቁስቋም የወጣ ሰው የፈረሰውን ግንብ ያያል፤ የእቴጌይቱን፣ የልጃቸውንና የልጅ ልጃቸውን አፅም በመስተዋት ሣጥን ያያል። የሦስት ነገሥታት ክብር አንድ ሣጥን ገባ። ኅዳር 6 ግን ሕዝቡ ነጠላውን አጣፍቶ ዛሬም ተራራውን ይወጣል፤ ቤተ ክርስቲያኑም ዳግመኛ ታንጾ ቅዳሴው ይቀደሳል። ለራስ የተከማቸው ጠፋ፤ ድንጋዩ እንኳ ፈረሰ። ለእግዚአብሔር የተሰጠው ልብ ግን እሳት አላገኘውም። ጌታችን ብልና ዝገት የማያጠፋውን መዝገብ በሰማይ አከማቹ ያለን ለዚህ ነው (ማቴ. 6፥19-21)።

ይህን ስንል በገና መብላት መጠጣት ኃጢአት ነው ማለታችን አይደለም። ጾሙን የጾመ በደስታ ይፈስካል፤ አባቶቻችንም በገና ጨዋታ ጌታና ሎሌ ሳይሉ አብረው ተደስተዋል። ኃጢአቱ በዓሉ የእኛ ብቻ ሲሆን ነው። እንግዲህ አቅማችሁን አውቃችሁ አክብሩ። ለሰው ዓይን ብላችሁ ዕዳ አትግቡ። ቅርጫ ስትገቡ ከድርሻችሁ ለዚያች ጧሪ ለሌላት ጎረቤት ቁረሱላት። በጾሙ ወራት ከምሳችሁ ያስቀራችሁትን ለነዳያን ስጡ፤ ያስቀሩት ነገር በኪስ ከተመለሰ ቁጠባ እንጂ ጾም አይባልም። ለልጆቻችሁም ልብሱን ከመግዛታችሁ በፊት የተወለደው ማን እንደ ሆነ ንገሯቸው።

የሁላችንም ግምጃ ቤት አንድ ቀን ይከፈታል። ያን ቀን ባዶ እንዳይገኝ ዛሬ እንስጥ። የነቢያትን ጾም በሰላም አስፈጽሞ ለብርሃነ ልደቱ ያድርሰን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።