ለሁለተኛ ጊዜ የተሰጠ ገንዘብ፦ የማዳም ክሊኮ ሕይወት

በማኅበራችን ብድር ከወሰድን በኋላ ንግዱ ያልተሳካላት እህት እንደገና ስታመለክት ምን እንመልስላት? እኛ ሒሳብ የምንይዘው ይህ ጥያቄ ሲነሳ ማዳም ክሊኮን እናስባለን።

ባርብ ኒኮል ፖንሳርደን እ.ኤ.አ. በ1777 በፈረንሳይ ሬምስ ከተማ ተወለዱ። በ1805 ባለቤታቸው ፍራንሷ ክሊኮ ሲሞቱ ዕድሜያቸው 27 ነበር፤ አንዲት ትንሽ ልጅም ነበረቻቸው። በዘመኑ ሕግ ያገባች ሴት ያለ ባሏ ፈቃድ መነገድ አትችልም፤ መበለት ግን ትችላለች። የባለቤታቸው አባት ልምድ ካለው ነጋዴ ጋር በሽርክና እንዲሠሩ ብለው ገንዘብ አወጡ። ጦርነት የንግድ መንገዱን ስለዘጋው ሽርክናው በአራት ዓመት ፈረሰ።

አማታቸው ግን ለሁለተኛ ጊዜ ገንዘብ ሰጡ። ማዳም ክሊኮም ጥራት ላይ በረቱ። የ1811 ምርጥ ሻምፓኛቸውን አቆይተው በ1814 ከ10,000 በላይ ጠርሙስ በድብቅ በመርከብ ወደ ሩሲያ ላኩ፤ ተፎካካሪዎቻቸውንም ቀደሙ።

ወይኑን የሚያደፈርሰው አተላ ሌላው ችግር ነበር። በ1816 ገደማ ጠርሙሶቹን ቀዳዳ ባለው ጠረጴዛ ላይ ደፍተው ቀስ በቀስ በማዞር አተላው ቡሹ ላይ እንዲጠራቀም አደረጉ። ቡሹ ሲነቀል አተላው ይወጣል፤ የቀረው ጥርት ያለ ነው።

በ1866 በ88 ዓመታቸው ሲያርፉ ስማቸው በብዙ አገር ይታወቅ ነበር። የመጀመሪያው አራት ዓመት ሒሳብ ብቻ ቢታይ ኖሮ ሁለተኛውን ገንዘብ ማንም አይሰጣቸውም ነበር። እኛም ማመልከቻ ስንመረምር ከኪሳራው ጋር ምክንያቱንና የእህታችንን ሥራ እንይ።