የጃንሆይ ሰዓት የማን ነው?

ባሮ ዳር ማንጎ ጥላ ሥር ቡና እየጠጣሁ ሰዓቴ ቆመ። የጋምቤላ ሙቀትና ላብ ሳይጨርሰው አልቀረም። ይዤው ሰዓት ሠሪ ዘንድ ሄድኩ። ሰውዬው ክዳኑን ፈልቅቆ እያየ ወሬ ጀመርን። ወሬያችን ከእኔ ርካሽ ሰዓት ተነሥቶ፣ እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ የአፄ ኃይለ ሥላሴ የወርቅ ሰዓት ላይ አረፈ። ያ ሰዓት አሁን የማን እንደሆነ ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም። ጥያቄው ግን ቤቴ ድረስ ተከተለኝ።

ሰዓቱን ለማያውቅ አንባቢ ላስተዋውቀው። የፓቴክ ፊሊፕ ሥራ ነው፣ የሞዴል ቁጥሩ 2497። ዕለቱን፣ ቀኑን፣ ወሩንና የጨረቃዋን ሁኔታ ያሳያል። የፈረንጁን ወር 30 ይሁን 31 ራሱ ይለያል፤ ፌብሩዋሪ 29 የምትሆንበትንም ዓመት ያውቃል። ሳይቆም ከሠራ እስከ እ.ኤ.አ. 2100 ድረስ ቀኑን አስተካክሉልኝ አይልም። ጳጉሜን ግን አያውቃትም! ጃንሆይ ስዊዘርላንድን በጎበኙበት በኅዳር 1947 ዓ.ም. አካባቢ እንደተበረከተላቸው ይነገራል።

የኩባንያው የባለቤትነት ታሪክም ደስ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1839 ጄኔቫ ላይ ያቋቋመው አንቶኒ ፓቴክ ከአገሩ ከፖላንድ ተሰዶ የመጣ ሰው ነበር። ፈረንሳዊው ሰዓት ሠሪ አድሪያን ፊሊፕ በ1845 ተቀላቀለው። በ1932 የዓለም ኢኮኖሚ ሲናጋ ድርጅቱ ተንገዳገደ፤ ያን ጊዜ የሰዓት ገበታ ይሠሩለት የነበሩት ወንድማማቾች ሻርልና ዣን ስተርን ገዙት። ከእነሱ ወደ ሄንሪ፣ ከሄንሪ ወደ ፊሊፕ፣ ከፊሊፕ ወደ ቲየሪ፤ ይኸው እስከ ዛሬ ከስተርን ቤት አልወጣም። ማስታወቂያቸውም ሰዓታችንን የገዛ ሰው ለሚቀጥለው ትውልድ ጠባቂ ነው እንጂ ባለቤት አይደለም የሚል ዓይነት ነው። ለነጋዴ ጥሩ አባባል ነው። ለጃንሆይ ግን አልሠራም።

ስተርኖች ኩባንያውን ሲገዙ ጃንሆይ ከነገሡ ገና ሁለት ዓመት አልሞላቸውም ነበር። ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. ኤጀርሳ ጎሮ ተወለዱ፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው እናታቸው ሞቱ። አባታቸው ራስ መኮንንም በ1898 አረፉ። በ1909 አልጋ ወራሽ፣ በ1921 ንጉሥ፣ በ1923 ጥቅምት ንጉሠ ነገሥት ሆኑ። ይህን ሁሉም ያውቀዋል። እኔን የሳበኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው።

በ1928 ጣሊያን አዲስ አበባ ደጃፍ ሲደርስ ጃንሆይ በጅቡቲ በኩል ወጡ። የመንግሥቱ ርዝራዥ ከጋምቤላ ሽቅብ ሲወጡ በሚገኘው ጎሬ ላይ ጥቂት ወራት ቆየ። ጃንሆይ እንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ ተቀመጡ፤ ገንዘብ አጠራቸው፣ የብር ዕቃቸውን እስከ መሸጥ ደረሱ። ኬብል ኤንድ ዋየርለስ የተባለው ኩባንያ ደግሞ ለኢትዮጵያ መንግሥት የሚከፍለው ዕዳ ነበረበት። ገንዘቡ ይገባኛል ብለው ለንደን ላይ ከሰሱ። እ.ኤ.አ. በ1938 ተፈረደላቸው። ይግባኙ ሳይታይ ግን እንግሊዝ የጣሊያንን ንጉሥ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት አድርጋ አወቀች፤ ፍርዱም ተገለበጠ። ገንዘቡ የመንግሥት ነው፣ መንግሥት ደግሞ እኛ ያወቅነው ነው ተባለ። እንዴ! ሰውዬው ያው፣ ዕዳው ያው፣ የለንደን ወረቀት ብቻ ተቀየረ።

የጋምቤላ ሰው ይህን ነገር በደንብ ይረዳዋል፤ ከተማዋ ራሷ ወረቀት ያዞራት ናት። አፄ ምኒልክ በ1894 ውል ባሮ ዳር ከ400 ሄክታር ያልበለጠ መሬት ለንግድ ጣቢያ ለእንግሊዝ ፈቀዱ። በክረምት ባሮ ሲሞላ ከካርቱም መርከብ ይመጣል፣ ጨውና ጨርቅ አራግፎ ቡና ይጭናል። ውሉ ግን ልክ ነበረው፦ ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ እጅ እስካለች ድረስ ብቻ። ሱዳን በ1948 ነፃ ወጣች፤ በ1949 ጋምቤላ ለጃንሆይ መንግሥት ተመለሰች። ሰዓቱን ተቀበሉ ከተባለ ሁለት ዓመት ገደማ አልፎ መሆኑ ነው። መሬቷ የመመለሻ ቀን የተጻፈበት ውል ነበራት። ለሰዓቱ ማን ውል ጻፈለት?

እኔ እንደሚመስለኝ ጥፋቱ እዚህ ላይ ነው። ጃንሆይ የእኔና የመንግሥት የሚለውን ድንበር በግልጽ አላሰመሩም፤ እውነቱን ለመናገር ከእሳቸው በፊት የነበሩትም አላሰመሩም። አንዳንዴ ግን ድንበሩ ይታያል፤ ባዝ የነበረውን ቤታቸውን በኋላ ለከተማው ሰጥተውታል፣ የራሳቸው ስለነበር ማንም አልጠየቀም። አገር ቤት ያለው ግን ተቀላቅሎ ቀረ። ደርግ በ1966 መጨረሻ የጊዮርጊስ ቢራንና የአንበሳ አውቶቡስን ድርሻቸውን ወረሰ፤ ስዊዘርላንድ ገንዘብ አሽሽተዋል ብሎም አሳጣቸው። መስከረም 2 ቀን 1967 በቮልስዋገን ከቤተ መንግሥት ተወሰዱ። ነሐሴ 21 ቀን 1967 ሞቱ። አፅማቸው በ1984 ከቤተ መንግሥቱ ግቢ ወጣ፤ በወጉ የተቀበሩት በ1993 ጥቅምት ነው። ሃያ አምስት ዓመት መቃብር ያጣ ሰው የእጅ ሰዓቱ የት እንደገባ ማን ይከታተላል?

ሰዓቱ ብቅ ያለው ኅዳር 2010 ላይ ነው። ክሪስቲስ የተባለው አጫራች ጄኔቫ ላይ ሊሸጠው አዘጋጀ። ቤተሰቡ የባለቤትነት ጥያቄ አነሣና ጨረታው ሊካሄድ ጥቂት ቀን ሲቀረው ከዝርዝሩ ወጣ።

የቤተሰቡ ጥያቄ ይገባኛል፤ የአያት ሰዓት ነው። ግን ንጉሥ በጉብኝት ላይ የሚቀበለው ስጦታ ለሰውየው ነው ለዘውዱ? እዚህ ክልላችን ውስጥ አኝዋኮች ለዚህ የቆየ ሥርዓት ነበራቸው። የንግሥና ምልክት የሆነው የአንገት ዶቃ ከአንዱ መኳንንት ወደ ሌላው ይዞራል፣ አንዳንዴም በውጊያ ይነጠቃል። ያጠለቀው ይከበርበታል፤ የግል ሀብቴ ብሎ ግን አያስቀረውም። በዚህ ሚዛን ከሄድን ሰዓቱ ብሔራዊ ሙዚየም መቀመጥ ነበረበት ባይ ነኝ። የማይስማማኝ እንደሚኖር አውቃለሁ።

በማግስቱ ሰዓቴን ልወስድ ስሄድ ይህን ሁሉ ለሰዓት ሠሪው ዘረገፍኩለት። በትዕግሥት ሰማኝና ሌላ ነገር ጠየቀኝ፤ ሰዓቱ በእጅ የሚሞላ ነው ወይስ በራሱ? በእጅ የሚሞላ ነው አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። እሱን ያስጨነቀው ካዝና ውስጥ ተቆልፎበት ማን እንደሚሞላው ነው፤ ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰዓት ዘይቱ ይደርቃል።